የሰባት ወር ጥየቃ

ሰኞ ጠዋት ባሮክ ቢሮ ገብቶ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ የሰርቨሩን ሁኔታ ተመለከተ። ዲስኩ ዘጠና አንድ በመቶ ሞልቷል። ቅዳሜ ሲወጣ ሰማንያ ስምንት ነበር። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያ እንዲህ ሲያጋጥመው የሚያደርገውን አደረገ፤ እንዳላየ ሆኖ ዘጋውና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ተመልሶ ሲከፍተው ዘጠና አንድ ከሩብ ሆኖ ጠበቀው።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ግንቦት ነው። ባሮክ የሐይቅ ዳሯ ከተማ የጥየቃ ጽሕፈት ቤት የዳታቤዝ ኃላፊ ነው። ኃላፊ ይባል እንጂ በሥሩ ያለው አንድ ሰርቨርና አንድ ማራገቢያ ብቻ ነው። ማራገቢያው ከሰርቨሩ ይልቅ ይታዘዘዋል።

የጥየቃ ሕግ የወጣው በየኮንዶሚኒየሙ ብቻቸውን ሞተው ከሳምንታት በኋላ የሚገኙ አዛውንቶች ሲበዙ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው ነዋሪ ሁሉ አንድ የተመዘገበ ጠያቂ ይኖረዋል። ጠያቂው በየቀኑ ይደውላል፣ አዛውንቱ ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ ይመልሳል፣ ጭውውቱም በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ሦስት ቀን ያልተጠየቀ ሰው ጠያቂ አልባ ይባላል። በአራተኛው ቀን ነጭ መኪና መጥታ ከከተማ ውጭ ወዳለው የጋራ ማረፊያ ትወስደዋለች። ሾፌሩ ትሑት ነው፤ ሻንጣም ይሸከማል። የማረፊያው ምግብ ጥሩ ነው ይባላል። ተመልሶ መጥቶ መጥፎ ነው ያለ እስካሁን የለም።

ሕጉ ሲወጣ ከተማው ሁሉ አጨብጭቦ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ሰው ሥራ በዛበትና ለጥየቃው ወኪል ያዘ። ወኪል የባለቤቱን ድምፅ፣ ሳሉንና «እህም» ማለቱን ሳይቀር ተምሮ በስሙ የሚደውል ነገር ነው። ሕጉ ለጠያቂው ይህን ይፈቅድለታል። አዛውንቱ ግን ራሳቸው መመለስ አለባቸው፤ አለዚያ በሕይወት መኖራቸው በምን ይታወቃል ተብሎ ነው።

ዲስኩ ከሞላ ምንም ጥየቃ አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ጥየቃ ደግሞ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። በከተማው አርባ አንድ ሺህ አዛውንቶች አሉ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉም ጠያቂ አልባ ይሆናሉ ማለት ነው። መኪኖቹን የሚያዝዝ ሰው የለም፤ ከመዝገቡ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ራሳቸው ተነሥተው ይወጣሉ። የጽሕፈት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ኤልዳና ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው መኪኖቹ ስንት እንደሆኑ ነበር። ስድስት ናቸው ሲሏት ትንሽ ተረጋጋች።

ባሮክ ችግሩን በሁለት ሰዓት ውስጥ እፈታዋለሁ አላት። ይህን ያለው ሌሎች ሠራተኞች በቆሙበት ስለነበር መልሶ መዋጥ አልቻለም።

ሰኞን አሮጌ ቅጂዎችን ሲጠርግ ዋለ። ሁለት በመቶ አገኘና ደስ ብሎት ምሳውን በላ፤ ከምሳ ሲመለስ ሁለቱም በመቶዎች ተበልተዋል። ማክሰኞ ጥርጣሬው ወደ ሰው ዞረ። መጀመሪያ ዲስኩን ያቀረበውን ነጋዴ ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ፎቅ ላይ ያለውን ቢሮ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አይጥ ጠርጥሮ ከሰርቨሩ ጀርባ ተንበርክኮ በእጅ ባትሪ ሲፈልግ ወይዘሮ ኤልዳና ደረሰችበት። አይጥ ዲስክ እንደማይሞላ ያውቃል። ዕድሜው ኀምሳ አራት ነውና ከተንበረከከበት ለመነሣት እጇን መያዝ ነበረበት።

ረቡዕ ጠዋት ተስፋ ሲቆርጥ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረበትን አደረገ። በሰርቨሩ ላይ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ደመረ። ድምሩ ኀምሳ ስምንት በመቶ መጣ። ዲስኩ ግን ዘጠና ስድስት ሞልቻለሁ ይላል። በመካከሉ ሠላሳ ስምንት በመቶ የሚሆን፣ ቦታ የያዘና ስም የሌለው ነገር አለ።

ያኔ ትዝ አለው፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ከአንድ ወር በፊት ምንነቱ ያልታወቀ አንድ ወፍራም ፋይል አግኝቶ ሰርዞት ነበር። በሳምንታዊ ሪፖርቱም ላይ አላስፈላጊ ፋይል ማስወገዱን በደማቅ ቀለም ጽፏል። ፋይል ሲሰረዝ ግን የሚጠፋው ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ነው። እየተጠቀመበት ያለ ፕሮግራም ካለ ገላው ከነሙሉ ክብደቱ እዚያው ይቀመጣል፤ እያደገም ይሄዳል። ስሙ ከቀበሌ መዝገብ የተፋቀ ሰው ቤቱ ተቀምጦ እራቱን እንደሚበላ ማለት ነው። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ባሮክ በማታው ኮሌጅ ለአሥራ አንድ ዓመት ያስተማረው ትምህርት ይኸው ነበር።

ፋይሉን ማን እንደያዘው ለማወቅ አንድ ትእዛዝ በቂ ነው። ትእዛዙን ጻፈ፤ አንድ ጭውውት ብቻ ወጣ። የተጀመረው ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ጠዋት ነው፤ አልተዘጋም። ጠያቂ፦ ባሮክ ኢዮስያስ። አዛውንት፦ ሶልያና ኢዮስያስ። ዝምድና፦ እህት።

የገዛ ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ የቢሮውን በር ዘጋና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

«እንግዲህ ልሂድ እትዬ» ይላል የራሱ ድምፅ።

«ምን አስቸኮለህ? ገና መምጣትህ እኮ ነው፤ ቆይ እንጂ» ይላል የእህቱ ድምፅ።

«እሺ፣ ትንሽ ልቆይ። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ?»

«ተመስገን ነው። አንተስ፣ ሥራ እንዴት ይዞሃል?»

ስለ ሥራ ተባለ፤ ስለ ዝናቡ ተባለ፤ የዘመድ ሁሉ ደኅንነት በየስሙ ተጠየቀ። ከዚያ ድምፁ ጉሮሮውን ጠረገና እንግዲህ ልሂድ አለ። ቆይ እንጂ ተባለ። ቆየ። በየሩብ ሰዓቱ እንዲህ ነበር። በዚያ ላይ ወኪሎች አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር ከዚያ በፊት የተባለውን ሁሉ ይዘው ስለሚነሡ፣ የዛሬዋ አንዲት «ተመስገን» የሰባት ወር ወሬ አዝላ ነበር የምትመጣው።

ባሮክ ቀና ብሎ ከራስጌው የተሰቀለውን የምስጋና ወረቀት አየ። ወረቀቱ ትንሽ ዘምሟል፤ ለዓመታት አቃናዋለሁ ሲል ቆይቷል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አዛውንቶች ወኪሎቹ ጆሯችን ላይ ይዘጉብናል ብለው ሲያለቅሱ፣ የጨዋነት ደንብ የሚባለውን ጽፎ ለሁሉም ወኪሎች ያስገባው እሱ ነበር። ደንቡ አጭር ነው። ታናሽ ታላቁ ሳያሰናብተው አይሄድም፤ ቆይ እንጂ ከተባለም ይቆያል። በአዳራሽ ተጨብጭቦለት ወረቀቱ ተሰጠው። አራት ዓመት ቆይቶ ደንቡ ተሻረ፤ ምክንያቱም አዛውንቶቹ ለወጉ ያህል ቆይ እንጂ ባሉ ቁጥር ወኪሉ ምሳቸውንም የቀትር እንቅልፋቸውንም ያሳልፍባቸው ነበር። ባሮክ ደንቡን ከሁሉም ወኪሎች አንድ በአንድ አወጣ። የራሱን ለቅዳሜ አሳደረው። ያቺ ቅዳሜ ካለፈች ስምንት ዓመት ሆኗታል።

ሳቀ። ብቻውን በሳቅ ፈረሰ። በሕይወት ያለ አዛውንት ቢበዛ በሁለተኛው ሰዓት ደክሞት በል ሂድ ይላል። ሰባት ወር ሙሉ ሳይታክት ቆይ እንጂ የሚል ሰው የለም። ስለዚህ እህቱም በድብቅ ወኪል ይዛለች ማለት ነው። ሁለት ማሽኖች በሩ ላይ ቆመው አንዱ ልሂድ፣ አንዷ ቆይ ሲባባሉ የከተማውን ዲስክ ሞሉት።

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋበት። ወኪል ባለቤቱ ኖረም አልኖረም ይናገራል። ባለቤቱ መኝታ ቤት ቢሆን ይናገራል፤ ገበያ ቢሆን ይናገራል፤ ከዚያ የባሰም ቢሆን ይናገራል።

እህቱን በገዛ ጆሮው መቼ እንደሰማት ለማስታወስ ሞከረ። ለፋሲካ ዶሮ በአድራሽ ድርጅት ልኮላታል። ለእንቁጣጣሽ የደወለው ወኪሉ ነው። ወደ ኋላ ሲቆጥር የአጎታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ደረሰ፤ ዓመት ከአራት ወር። እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ፣ እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን አቋርጣ አሳደገችው። ይህን በሰርጉም ላይ ንግግር አድርጎበት እንግዳው ሁሉ አልቅሶ ነበር፤ እሱም አልቅሷል። የምትኖረው ከቢሮው በባቡር አራት ፌርማታ ርቃ ነው።

ማይክሮፎኑን ከፍቶ በጭውውቱ መሐል ገባ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ነኝ። ደህና ነሽ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል?» አለው የእህቱ ድምፅ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ቆይ እንጂ።»

መዝገቡን ከፈተ። ሶልያና ኢዮስያስ፣ ስድሳ ሰባት ዓመት፣ ጤንነቷ የተረጋገጠ፣ በዚህ ቅጽበት እየተጠየቀች ያለች ይላል። ይህን ማረጋገጫ የሠራው እሱ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አምኖት ያውቅ እንደሆነ ራሱን የጠየቀው ዛሬ ገና ነው፤ መልሱን ሳይጨርስ ኮቱን አነሣ።

ጭውውቱን መግደል ቀላል ነበር፤ አንድ ቁልፍ ነው። ቦታው ይመለሳል፤ አርባ አንድ ሺህ ሰው ቤቱ ይቀራል። ነገር ግን ጥየቃ ሲዘጋ የሚመዘገበው በተጀመረበት ቀን ነው፤ ይህንንም ያሰበው እሱ ነው። ቁልፉን በተጫነ ደቂቃ እህቱ ከጥቅምት ዘጠኝ ጀምሮ ያልተጠየቀች ትሆናለች፤ ነጯ መኪናም ሦስት ቀን የምትጠብቅበት ምክንያት አይኖራትም። መውጫው አንድ ብቻ ነው። ጠያቂው በአካል ሄዶ በሩ ላይ ያለችውን ሰሌዳ በአውራ ጣቱ መንካት አለበት። እንዲህ ያለ መዝገብ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደገባ ባሮክ አያስታውስም።

ወይዘሮ ኤልዳናን ኮሪደር ላይ አገኛት። ዲስኩ ዘጠና ሰባት ገብቷል፤ እስከ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ይሞላል አላት።

«ምክንያቱን አገኙት ጋሽ ባሮክ?»

«አግኝቼዋለሁ። አንድ ግንኙነት ሳይዘጋ ቀርቶ ነው።»

«የማን?»

«የአንድ ነዋሪ» አለና ወደ ደረጃው ፈጠነ።

ባቡሩ እንደወትሮው ጸጥ ያለ ነበር። ከአጠገቡ አንዲት ሴት ከፍታ በተወችው ስልክ ላይ «እናትዎን እየጠየቁ ነው» የሚል ጽሑፍ እየበራ ተኝታለች። ፊት ለፊቱ ያለው ጎረምሳ ደግሞ አያቱን እየጠየቀ ድንች ጥብስ ይበላል። ባሮክ በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ሁሉ ሥርዓት በእሱ ሰርቨር ላይ እንደሚያርፍ እያሰበ ደረቱን ይነፋ ነበር። ዛሬ በየፌርማታው የሚከፈተው በር የዘገየ መሰለው።

አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹ አልቋል። በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ሰማት። በውስጥ እህቱ ስለ ዝናብ ታወራለች። የእሱም ድምፅ ይመልስላታል። አንኳኳ። ወሬው አላቋረጠም። ደግሞ በጡጫ መታው። «ጉልበትሽስ?» አለ ድምፁ ከውስጥ፤ ማንም ሊከፍት አልመጣም።

የጎረቤት በር ተከፈተና በዱላ የሚሄዱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። አቶ ያብስራ ይባላሉ፤ ስማቸው በራቸው ላይ ተጽፏል።

«ምን ፈልገው ነው?» አሉት።

«ወይዘሮ ሶልያናን ነበር። አይከፍቱም።»

«ከወንድሟ ጋር ናት። አይሰማዎትም?» አሉ አቶ ያብስራ በአገጫቸው ወደ በሩ እያመለከቱ። «እንዲህ ያለ ወንድም አላየሁም። ከጥቅምት ጀምሮ ካጠገቧ አልተለየም። የእኔ ልጆች እሱን አይተው በተማሩ እላለሁ። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ከጽሕፈት ቤቱ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ይጻፉለት። እንዲህ ያለ ሰው መሸለም አለበት።»

ባሮክ ተሸልሟል ብሎ ሊመልስላቸው አልደፈረም። ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ በሰው ፊት ማልቀስ እንደማይገባው ለራሱ ሲነግረው፣ ከታች በደረጃው የእግር ኮቴ ተሰማ። ኮቴው ፈጣን ነበር፤ በየወለሉ አያርፍም። እህቱ የስፖርት ጫማ አድርጋ፣ በአንድ እጇ አንዲት ሣንቃ፣ በሌላው የሚንቋቋ ላስቲክ ይዛ ብቅ አለች። ስታየው ቆመች።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም እትዬ።»

«ባሮክ፣ አትደብቀኝ። ማን ሞተ?»

ማንም አለመሞቱን ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ በተለይም እየተናገረ ያለቅስ ስለነበር። ሄዶ አቀፋት። ከጥንቱ አጥራለች፤ ትከሻዋ ግን ጠንካራ ነው፤ ሽታዋም ያው የልጅነቱ ሳሙና ነው። በሕይወት አለች። ለዚህ ማረጋገጫ የሚሆን ሰርቨር እንደሌለ ያኔ ገባው። አቶ ያብስራ ይህን ሁሉ አይተው በራቸውን በቀስታ ዘጉ።

ከመግባታቸው በፊት የበሩን ሰሌዳ ሊነካ ሞከረ፤ ሰሌዳዋ አልሰማ አለችው። ቀረብ ብሎ ሲያያት ከፋብሪካ የመጣችበት ስስ ላስቲክ ገና አልተላጠም። በጥፍሩ ልጦ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ጠያቂ ባሮክ፣ ወንድም፣ በአካል ብላ ጻፈች።

ውስጥ መስኮቱ ሥር ሁለቱ ድምፆች ስለ አጎታቸው ልጅ ጤንነት እየተጠያየቁ ነበር። እህቱ እንዳልሰማች ሆና ሣንቃዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ የዳማ ሣንቃ ነው። ላስቲኩ ውስጥ ያለው ቆርኪ ነው። ጡረተኞቹ በሐይቁ ዳር እንደሚሰበሰቡ፣ መጀመሪያ ሴት አናጫውትም ብለዋት እንደነበረ፣ አሁን ግን ሳትመጣ እንደማይጀምሩ ነገረችው። ዛሬ አራት ሰው አሸንፋ መምጣቷ ነው።

ወኪሉን ከየት እንዳመጣሽው ንገሪኝ አላት። ደረጃው ሥር ሬዲዮ የሚጠግነው ሰው ሠርቶልኝ ነው አለች። አልተደበቀችም፤ አላፈረችምም።

«ያ የላክኸው ነገር በየጠዋቱ እየደወለ ጉልበትሽ እንዴት ነው ይለኛል» አለች። «እኔ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ያመመኝ ወገቤ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወገቤን ነው አልኩት። በአራተኛው ቀን ጉልበትሽስ አለኝ። እኔ ደግሞ ለእሱ የምትሆነውን ሴት ገዛሁለትና ሥራዬን ያዝኩ።»

ባሮክ የወኪሉን ቅጽ የሞላበትን ቀን አስታወሰ። የጤና ሁኔታ የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ምን ያማታል ብሎ አስቦ፣ ጉልበት ብሎ ጽፎ አለፈ። ጉልበቷን ያማት የነበረው እናታቸው ናት። ይህን አሁን ለእህቱ ለመንገር ድፍረት አጣ። እሷ ግን የምታውቀው መሰለው፤ አይታው ቆርኪዎቹን ከላስቲኩ ታወጣ ጀመር።

ነገሩን ሁሉ ዘርግፎ ነገራት፤ ስለ ዲስኩ፣ ስለ አርባ አንድ ሺህ ሰው፣ ስለ ጨዋነት ደንቡ። ያ ወኪል በፈቃዱ የሚሄደው ታላቁ በሕያው ድምፅ ሲያሰናብተው ብቻ መሆኑንም ነገራት። ቁልፉን መጫንም ይቻል ነበር፤ ግን ሰባት ወር ሙሉ እህቱ ቤት ተቀምጦ የከረመው እሱ ባይሆንም በስሙ ነውና እንደ ሌባ ጎትቶ ማውጣት ከበደው።

እትዬ ሶልያና ወደ መስኮቱ ሄዳ የራሷን ወኪል አጠፋች። የእሱ ድምፅ ብቻውን ቀረ።

«እንግዲህ ልሂድ እትዬ» አለ።

«በል ሂድ ወንድሜ» አለችው። «ብዙ ቆየህ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እሺ እትዬ። ደህና ዋይ። ነገ ደግሞ ብቅ እላለሁ።»

መሣሪያው ላይ ያለችው መብራት ጠፋች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከግድግዳው ማዶ አቶ ያብስራ «ሄደ እንዴ?» ሲሉ ተሰሙ።

ወዲያው ወይዘሮ ኤልዳና ጻፈችለት። ዲስኩ ወደ ኀምሳ ስምንት ወርዷል፤ መኪኖቹም አልተንቀሳቀሱም፤ ምክንያቱን ነገ በጽሑፍ ያቅርቡልኝ ትላለች። ባሮክ የሪፖርቱን ቅጽ በሐሳቡ ሞላው። የተበላሸው ክፍል፦ የዳታቤዝ ኃላፊው። የቆየበት ጊዜ የምትለዋ መስመር ላይ ሲደርስ ሰባት ወር ልበል ወይስ ስምንት ዓመት ብሎ አመነታ። ከሁለቱም የሚበልጥ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራው አለቀ። እፎይ ብሎ ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ከልማድ ብዛትም ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ልሂድ እትዬ።»

«በል ሂድ» አለችው፤ ቆርኪዎቹን እየለየች።

ባሮክ ቆሞ ጠበቀ። ያቺ የምትከተለው ቃል አልመጣችም። በሰባት ወር ውስጥ ሃያ ሺህ ጊዜ የተባለች፣ የከተማውን ዲስክ ያጨናነቀች ቃል ናት፤ ለእሱ ግን አንድ እንኳ አልተረፈችውም። እህቱ አልተቆጣችም፤ ፊቷም ላይ ቂም የለም። ሥራ እንዳለበት ሰው አድርጋ ነው ያሰናበተችው። ይህ ከቁጣ ይልቅ አመመው። እጁን ከበሩ እጀታ ላይ አነሣ።

«ዳማ ብታስተምሪኝስ?» አለ።

«አንተን?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ በደንብ አየችው። «ታናድደኛለህ። ስትሸነፍ ታለቅስ ነበር።»

«አሁን አላለቅስም።»

«ደረጃው ላይ ምን ነበር ታዲያ?»

ኮቱን ሰቅሎ ተቀመጠ። መጀመሪያውን ጨዋታ በስድስት ደቂቃ ተሸነፈ። በሁለተኛው አንድ ቆርኪ በላና በራሱ ኮራ፤ እሷ በምላሹ አራት በላችበት። ብዙም አልተነጋገሩም። የበሩ ሰሌዳ ጥየቃውን እየቀዳች ነበር፤ ግን የምትቀዳው አጥታ ሥራ ፈትታ ዋለች ማለት ይቻላል። ያንተ ተራ ነው ተባለ። ይኼ ወደ ኋላ አይሄድም ተባለ። አንድ ጊዜ ወገብሽስ ብሎ ጠየቃት። ሲቀዘቅዝ ያመኛል አለች፤ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋላት።

አራተኛውን ጨዋታ ሲሸነፍ ፀሐይ ወደ ሐይቁ አዘቅዝቃ ነበር። ሚስቱ የት ነህ ብላ ሁለት ጊዜ ጽፋለታለች። አሁን የምሩን ተነሣ፤ ኮቱን አነሣ፤ ጉሮሮውን ግን አልጠረገም።

«ልሂድ እትዬ፤ መሸ።»

እህቱ ዓይኗን ከሣንቃው ሳታነሣ ቆርኪዎቹን መልሳ መደርደር ጀመረች፤ የእሷን፣ ቀጥሎም የእሱን።

«ቆይ እንጂ» አለች።

ባሮክ ኮቱን መልሶ ሰቀለ። ራሱ በጻፈው ደንብ መሠረት መሄድ አይችልም ነበር።